የረቡዕና የዓርብ ወተት

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ የምትነጥፍ ፍየል በየት አገር አለች? ካለች ንገሩኝ፤ ሄጄ ልሳለማት።»

አሰበች ይህን ስትል ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው መሐል ቆማ ነበር። አጠገቧ ማንም የለም። ፊቷ ወደ ጎረቤት አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ይሰማ የነበረው የሁሪያ መጥረጊያ ቀጥ አለ። ባልዋ ባንተአምላክ ከሰሊጥ መጋዘን ጥበቃ ገና መግባቱ ነው፤ ደፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። አንዱን ፈቶ ሁለተኛውን ተወው። የምትናገረው ለእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ለእሱ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ትንሽ ቆይቶ መጥረጊያው እንደገና ተሰማ፤ ከበፊቱ ግን ፈጠነ።

ዳለቻዋ ፍየል ለባንተአምላክ ጨጓራ ተብላ ከሁለት ዓመት በፊት ከሽንፋ የተገዛች ናት። ጠዋትና ማታ ትታለባለች፤ በአንድ ጊዜ ከብርጭቆ ተኩል አታንስም። አሰበች ግን በጾም ቀን እጇ ወተት አይነካም። ረቡዕና ዓርብ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ቅዳሴ ወጥቶ የምትመለሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ይቀራል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቀኑ የነገ ሆኗል ብላ፣ የሁለቱን ጊዜ አንድ ላይ ታልባለች። በነዚያ ሁለት ማታዎች ጣሳው መሙላት ነበረበት። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ግን የጣሳውን ሥር የሚሸፍን እንኳ አይገኝም። ሰኞ ምንም አይጎድልም። ማክሰኞና ሐሙስም አይጎድልም። ቅዳሜና እሑድ እንደወትሮው ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረችው የገዛ ልጃቸው ባንቺአየሁ ናት። ከባሏ ተፋታ ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ በማሽላ አገዳና በላስቲክ በተሠራች ራኩባ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። ሻይ በወተት የሚጠጡ የሱዳን ሹፌሮች ደንበኞች አሏት። አሰበች ሁለት ቀን የልጅዋን ፔርሙስ ከፍታ አሸተተች። ባንቺአየሁ አየቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራቷን ራኩባው በልታ ነው የምትመጣ። ቀጥሎ የተጠረጠረው ከጎን ያለችውን የጭቃ ክፍል የተከራየው እንግዳው ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የመጣ። እሱ ደግሞ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ሆኖ ተገኘ። አሰበች የሁለቱን ነገር እያዞረች ስታስብ ሰነበተችና አንድ ቀን ነገሩ የተገለጠላት መሰላት። ወተቱ የሚጠፋው በጾም ቀን ነው። ጾመኛ በጾም ቀን ወተት አይነካም። እንግዲያስ የሚወስደው የማይጾም ነው። ፍየሏን ከጠዋት እስከ ማታ የምትጠብቃት የሁሪያ ልጅ ሩፊዳ ናት፤ እስላም ናት፤ አለቀ። ይህንንም ባለፈው ረቡዕ ከቦኖው ውሃ ስትቀዳ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጀሪካን ደርድሮ በቆመበት፣ ሳትሸሽግ ተናገረች።

በዚህ በቆላው ልማድ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ደመወዝ የለውም። ፍየሏ መንታ ከወለደች አንደኛው ግልገል የጠባቂው ነው፤ ጡት ሲጥል ይወስደዋል። ዳለቻዋ በሰኔ መንታ ወልዳለች። ያን ቀን ባንተአምላክ ራሱ ሴቷን ግልገል አንስቶ «ይች የአንች ናት» ብሎ በሁሪያ ፊት ለሩፊዳ አሳይቷታል። ልጅቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ አብዱረሕማን ትራክተር ነጂ ነው፤ በአጨዳ ወራት ከእርሻው ካምፕ አይወጣም። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ ሩፊዳም የእናቷን ሦስት ፍየሎችና ዳለቻዋን ይዛ ትውላለች። አሁን ግልገሎቹ ጡት ጥለዋል። ከጉረኖው ውስጥ፣ ከቆርቆሮ መዝጊያ ኋላ ናቸው። አሰበች መዝጊያውን ሦስት ጊዜ አጥብቃ አስራዋለች፤ በግልገሎቹ ማላከክ አይቻልም።

«ዛሬ ዓርብ የመጨረሻዋ ነው» አለች አሰበች፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማታ ባዶዋን ከመጣች ሴቷን ግልገል ነገ ገበያ አወጣታለሁ። አራት ሺህ ታወጣለች። ፍየሏንም ሌላ ሰው ይጠብቃት።»

ባንተአምላክ ቀና ሲል ሩፊዳ ከበሩ ላይ ቆማለች፤ በትሯን ይዛ፣ ሻርፗን ከአንገቷ ጠምጥማ። ሁሉንም ሰምታለች። «እንዴት አደራችሁ» ብላ ዳለቻዋን ፈታች። አሰበች አልመለሰችላትም፤ ልጅቱ ዞር እስክትል ጠብቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ባንተአምላክ የፈታውን ጫማ መልሶ አሰረ። አሥራ አንድ ዓመት መጋዘን ጠብቋል። ሦስት ሌባ ይዟል፤ ሦስቱንም የያዘ እጃቸውን እያየ ነው። ሰው በአፉ ይምላል፣ በዓይኑ ያለቅሳል፣ እጁ ግን ወደለመደው ይሄዳል ይላል። እንቅልፉን ትቶ ዱላውን አነሣና በሃምሳ እርምጃ ርቀት ተከተላት። ሚስቱ እውነት ከያዘች ግልገሏ ትሸጥ፤ የሰጠውን ቃል የሚያፈርስ ግን ያላየውን ይዞ አይደለም።

ሸሕዲ ከተማ በጥቅምት ጠዋት ከሌላው ጊዜ ሦስት እጥፍ ሰው ትይዛለች። አስፋልቱ ዳር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የመጣ ሠራተኛ ማጭዱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ተደርድሯል። ደላላው «ምሳና ውሃ ከባለቤቱ! ውሃው ንጹሕ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ዋጋውን ሲናገር ይስቃሉ፤ የሚነሣ ግን የለም። ፍየሎቹ በባጃጆቹ መሐል ሲያልፉ ሩፊዳ ሦስቱን በበትር፣ ዳለቻዋን ምላሷን ጠቅ ጠቅ እያደረገች አሳለፈቻቸው። ባንተአምላክ ከአንድ የጭነት መኪና ጥግ ቆሞ ሳለ እንግዳው አየው።

«እንዴት አደሩ አያ ባንተአምላክ! ዛሬ ደግሞ ፍየል ሊያጅቡ ነው?»

«ዝም በል አንተ።»

«ምነው፣ ፍየሏስ ሁለት ጠባቂ አገኘች። ያለ ጠባቂ የቀረነ እኛ ነነ» አለ እንግዳው፤ ዙሪያው ያሉት ሳቁ። ባንተአምላክ ሰላምታውን በእጁ መልሶ አለፈ። ከባንቺአየሁ ራኩባ ፊት ሲደርስ ሩፊዳ መኪና እስኪያልፍ ፍየሎቹን ስላቆመች እሱም ከደንበኞቹ መቀመጫ ከኩርሲው አጠገብ ቆመ። ባንቺአየሁ ለአንድ ሹፌር ሻይ ትቀዳለች፤ ባዶው ሃያ ብር፣ በወተት አርባ። ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ወተቱ ሄደ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ ማንኪያው ውስጡ ቆሟል።

«ላስሸትትዎ አባየ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሹፌሩ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። ባንቺአየሁ ኩርሲውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት፤ አልተቀመጠም። «ጾም ነው» ብሎ ሄደ። ስለ መቀመጥ እንጂ ስለ መጠጣት የተናገረ ሰው እንዳልነበረ ትዝ ያለው ወንዙ መውረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

ፍየሎቹ የሚውሉት ከከተማው ውጭ፣ በታጨደ የሰሊጥ እርሻና በወንዙ መሐል ባለው ቁጥቋጦ ነው። ሰሊጡ ሂላ በሚሉት የነዶ ክምር ቆሞ ይደርቃል፤ ጥቁሩ ወልካ አፈር መሰንጠቅ ጀምሯል። ባንተአምላክ ከአንዱ ሂላ ኋላ ተቀመጠና የልጅቱን እጅ ይጠብቅ ጀመር። እጇ ሥራ አይፈታም። የግራር ቅርንጫፍ በበትሯ ቆልምማ አወረደችላቸው። ከእናቷ ፍየሎች አንደኛዋን አስቁማ ከሰኮናዋ መሐል እሾህ ነቀለች፤ ቦታውን በምራቋ አራሰች። አንዷ ስታስል ሄዳ ጠጋ ብላ ሰማቻት፤ የጣለችውን ፍግ በእግሯ ገልብጣ አየችና ተወች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጨጓራው ይነክሰዋል። ምንም ጣሳ፣ ምንም ብርጭቆ አላየም። ይህም አስጠረጠረው፤ ብልህ ሌባ ዕቃ ይዞ አይመጣም፤ ጫካ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጅቱ ዳለቻዋን ወደ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ወሰደቻት። ግራ ቀኝ አየች። ከሥሯ ተንበረከከችና እጇን ወደ ግቷ ሰደደች።

ባንተአምላክ ተነሣ። ከሂላው ኋላ ወጥቶ በዚያ ዕድሜው እየሮጠ፣ «ያዝኩሽ! ተይ እንዳትነቃነቂ!» እያለ ደረሰባት። ሩፊዳ አልደነገጠች። መዳፏን ዘረጋችለት። ሦስት ያበጡ መዥገሮች መዳፏ ላይ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ደም ነው የጠጡ» አለች። «ወተት አልጠጡም።»

መዥገሮቹን ድንጋይ ላይ አድርጋ በሌላ ድንጋይ ደፈጠጠቻቸው። ባንተአምላክ ትንፋሹ እስኪመለስ ዱላው ላይ ተደግፎ ቆመ።

«መከተሌን አላየሽም ነበር» አለ።

«ከአስፋልቱ ጀምሮ አይቼዎታለሁ። ቀድማ ያየች ዳለቻ ናት፤ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ነበር የምትሄድ። ጅብ ቢሆን ሁለቱንም ታቆማለች። የሚያውቁት ሰው ሲሆን አንዱን ነው።» ወደ ጥላው ገባ በሉ እንደ ማለት ጠጋ አለች። «ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ። ጨጓራዎን አያምዎትም?»

ተቀመጠ።

«ለእማማ አሰበች ነግሬያቸዋለሁ» አለች ሩፊዳ።

ባንተአምላክ ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጅቱ መጥታ «ፍየሏ ራሷን ትጠባለች» ብላለች። አሰበች ያን ማታ ስትነግረው አልሳቀችም፤ «የሌባ ልጅ ውሸት እንኳ ቢያጣ በእንስሳ ያላክካል?» ነበር ያለች። እሷን ከሁሉ በላይ ያስጠረጠራት ይኸው ቃል ነው። እሱም እንደ ሚስቱ አስቦ ነበር።

«ራሷን የምትጠባ ከሆነ ለምን ረቡዕና ዓርብ ብቻ? ፍየል ቀን ትቆጥራለች?»

«አልታለበችማ። በሌላው ቀን ጠዋት አልበዋት ነው የምወስዳት። ረቡዕና ዓርብ ግቷ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነው የምትወጣ። ይዩዋት፤ የኋላ እግሯን መግጠም አትችልም። ወደዚህ ስንመጣ ሁለት ጊዜ ቆመች። ሲያማት ነው የምትጠባ።»

ባንተአምላክ ዳለቻዋን አየ። እግሯን ከፍታ ቆማለች፤ ግቷ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ሁለቱ ጡቶች ወደ ውጭ አዘንብለው ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከፊቱ ስትሄድ የነበረች ፍየል ናት።

«ካመማት አንችስ ለምን አላለብሽላትም? መሬት ላይም ቢሆን?»

«ባልባት ሌባ አይሉኝም?»

ልጅቱ ጨርቅ አስራላት እንደነበር ነገረችው፤ ዳለቻዋ በጥርሷ ቀደደችው። አንገቷን እንዳታዞር በጎንና በጎኗ እንጨት አሰረችላት፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ ዋለች፣ ቅጠልም አልበላች፤ ስለዚህ ፈታቻት። ይህን ሁሉ ስትነግረው እንደ ክስ አላደረገችውም፤ የፍየሏን ነገር ነው የምታወራ። በመሐል ንግግሯን አቋረጠችና «ይኸው» አለች።

ዳለቻዋ ተንበርክካ ከጥላው ተኛች። አንድ የኋላ እግሯን ዘረጋች። አንገቷን በጎኗ በኩል አዞረች፣ አሻሸች፣ ደረሰችበትና የቀኙን ጡት በአፏ ያዘች። ጉንጮቿ ገባ ወጣ ይሉ ጀመር። ወተቱ በአፏ ዳር በጢሟ ላይ ወረደ። ዓይኗን ጨፍናለች።

ባንተአምላክ ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሟል። በልጅነቱ ሳንጃ ከብት ሲጠብቅ ራሷን ስለምትጠባ ላም ሲወራ ሰምቶ ነበር፤ ሽማግሎች ለሳቅ የሚያወሩት ነገር ይመስለው ነበር። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ልጁን ጠርጥሯል፣ ተከራዩን ጠርጥሯል፣ የጎረቤት ልጅ ጠርጥሯል። ቀኝ ጡቷ እስኪሸበሸብ ቆሞ አየ። ከዚያ «ማታ ለአሰበች እነግራታለሁ» አለ።

«አያምኑዎትም።»

«እኔን?»

«እኔንስ መች አመኑኝ።»

እውነቷን ነው። አሰበችን በዓይነ ሕሊናው አያት፤ ሁሪያ ምን ሰጠችህ ስትለው ሰማት። ዙሪያውን ተመለከተ። ከወንዙ ውሃ ጠጥቶ የተመለሰ የከብት መንጋ መንገዱ ላይ እበት ጥሎ አልፏል። በቆላው ግልገል ጡት ሲያስጥሉ የእናቲቱን ጡት እበት ይቀቡታል፤ ግልገሉ ሊጠባ ሲሞክር አፉ ተለውሶ ይመለሳል። ሁሉም ቤት የሚያደርገው ነው። አሰበችም ከአምስት ሳምንት በፊት አድርጋዋለች።

«ግራውንስ መቼ ነው የምትጠባው?» አለ።

ሩፊዳ የሚያስበው ገባት። «ከስምንት ሰዓት በኋላ። መጀመሪያ ታመሰኳለች።»

እበቱን ልታመጣ ስትነሣ ከለከላት። ራሱ ሄደና በባዶ እጁ ዘግኖ አመጣ። ልጅቱ ቀንዷን ያዘችለት፤ እሱ የግራውን ጡት ከላይ እስከ ታች ለወሰው። እጁን በአፈር ሲጠርግ ልጅቱ ፈገግ ስትል አያት፤ ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ፍየሎቹ አዞረች። ከዚያ ሁለቱም ቁጭ ብለው ጠበቁ። ስለ ግልገሏ አንድም ቃል አልተነሣም። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዳለቻዋ እንደገና ተኛች፣ አንገቷን አዞረች፣ ያዘች፣ ተፋች። አስነጠሳት። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሩፊዳ አይታ ጮኸች። ደግሞ ያዘች፤ ሕመሙ ከምሬቱ ስለባሰባት ጠባች። ስትነሣ አፏና ጢሟ አረንጓዴ ሆኗል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ሲገቡ አሰበች ከቅዳሴ ተመልሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጣሳው ጉልበቷ ላይ ነው። ባልዋን ከልጅቱ ጋር አብሮ ሲገባ ብታይ ቅንድቧ ተነሣ። ሄዳ የፍየሏን ግት ዳበሰች፤ የግራው ሲነካ እጇን አሸተተች።

«ባዶ ነው» አለች። «እበት ደግሞ ምን ሊያደርግ መጣ?»

ባንተአምላክ በአጭሩ ነገራት። እንዲደግም ባደረገችው ቁጥር ነገሩ ለራሱም እየተናቀበት ሄደ። አሰበች ልጅቱን እያየች ሰማችው።

«ሁሪያ ምን አጠጣችህ አንተ ሰውዬ?»

«አፏን እይ።»

«እበት ላይ ተኝታ ይሆናል።»

«ባፏ ነው የምትተኛ?»

አሰበች የፍየሏን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገች። ከንፈሯን ገልጣ አየች። ጥርሷ ሥር ሳይቀር አረንጓዴ ነው። አገጩን ለቀቀች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጣሳውን ከመሬት አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«ታዲያ ቀድማ ለምን አልነገረችኝም?»

«ነግራሻለች» አለ ባንተአምላክ።

ከጉረኖው ውስጥ ግልገሎቹ ቆርቆሮውን በቀንዳቸው ይመታሉ። አሰበች ወደዚያ አየች፣ ወደ በሩ አየች፤ ልጅቱን ግን አላየቻትም። ሩፊዳ በትሯን ይዛ ወጥታ ሄደች። ባልና ሚስቱ እዚያው ቆሙ።

ባንተአምላክ ወደ አጥሩ ሄደ። ሁሪያ ከወዲያ በኩል ያሰጣችውን ባሚያ ታነሣለች፤ የምትከናነበውን ቶብ ወገቧ ላይ ጠቅልላዋለች። ልጅዋ አጠገቧ ቆማ ነግራታለች፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ሁሪያ፣ ልጅሽ ንጹሕ ናት» አላት በአገዳው አጥር ቀዳዳ።

ሁሪያ ባሚያውን እያነሣች፣ «አያ ባንተአምላክ፣ እድሜዎን ያርዝምልኝ» አለች። «ሌባ ናት የተባለች በቦኖው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ንጹሕ ናት የሚባለው በአጥር ሥር ነው? ከእንግዲህ ፍየላችሁን አትጠብቅም። ግልገላችሁም ትቅርባት።»

ሩፊዳ «እማ» አለች። ሁሪያ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት፤ ሁለት ጀሪካን አንስታ አንዱን ለልጅዋ ሰጥታ ወጣች። ልጅቱ ከበሩ ሳትወጣ አንዴ ዞር ብላ ወደ ጉረኖው አየች።

ባንተአምላክ ትንሽ አሰበ። ሰው ፊት መናገር አይወድም። በእድር እንኳ ቢሆን ድምፁ አይሰማም። ዳለቻዋን በገመዷ ያዘና ሴቷን ግልገል ከጉረኖው አወጣ። አሰበች «ወዴት ነው?» አለች። ከበሩ ሲወጣ የጀሪካን እጀታ ሲንቋቋ ከኋላው ሰማ፤ ሚስቱ ውሃ የምትቀዳ መስላ እየተከተለችው ነው።

ቦኖው ላይ የምሽቱ ወረፋ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና ልጆች፣ ከእነሱ የሚበልጥ ቢጫ ጀሪካን። ባንተአምላክ ፍየሏን ከቧንቧው አጠገብ አቁሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ልብ አላለውም። ዱላውን በባዶ ጀሪካን ላይ ሁለት ጊዜ መታ።

«ረቡዕና ዓርብ የሚጠፋውን ወተት የሚጠጣውን አግኝቼዋለሁ» አለ። ጸጥ አሉ። ሁሪያ ጀርባዋን እንደሰጠችው ናት። «ይች ናት። ራሷ። ጡቷን እበት ቀብቼ በዓይኔ አይቻለሁ። አፏን እዩት።»

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የፍየሏን አፍ አየችና በሳቅ ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው።

«አያ ባንተአምላክ ሌባውን ከገዛ ቤታቸው ያዙ!»

«ጣቢያ ትሂድ! ቃሏን ትስጥ!»

«ዓርብ ጠብታለች፤ ንስሐ አባቷን ጥሩላት!»

ከነገ ጀምሮ በመጋዘኑም፣ በመናኸሪያውም፣ በልጁ ራኩባም ይህ እንደሚከተለው ያውቃል። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ጊዜ ወሰደ።

«ልጅቱ ቀድማ ነግራን ነበር» አለ፣ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ። «አላመናትም። እዚህ ቦታ ላይ ሌባ ያልናት እኛ ነን። ሌባ አይደለችም።»

እኛ ሲል ወደ ኋላው አላየም። አሰበች ከወረፋው መጨረሻ ጀሪካኗን እንደያዘች ቆማለች፤ ሴቶቹ ግን አዩአት። የማንም ሳቅ አልቀጠለም። ሁሪያ ቀስ ብላ ዞረች። ባንተአምላክ የግልገሏን ገመድ ዘረጋላት፤ ገመዱን ተቀብላ ለልጅዋ ሰጠቻት። ሩፊዳ ግልገሏን አልተመለከተችም። ዳለቻዋ ጋ ሄዳ ተንበረከከች፤ ከቧንቧው ሥር ከተጠራቀመው ውሃ ሻርፗን ነክራ አፏን፣ ጢሟን፣ ድዷን ትጠርግላት ጀመር። «ይመራታል» አለች ለማንም ሳይሆን። ጨርሳ ቀና ስትል ዓይኗ ከወረፋው መጨረሻ ላይ አረፈ።

«ረቡዕስ ማን ያልባታል?»

አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይፈሳል፤ የሚዘጋው የለም። አሰበች ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንች እለቢያት» አለች በመጨረሻ። ወዲያውም ጨመረችበት፤ «በፊቴ ነው የምታልቢያት።»

«በፊትዎ» አለች ሩፊዳ። «ቀንዷን ግን እርስዎ ይይዙልኛል። ብቻዬን አትቆምልኝም።»

«በስንት ሰዓት?»

«ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ።»